በጅማ ዝናብ መካከል ጨው ከየት መጣ? የቡና ችግኞቼ እየተቃጠሉ ነው

ችግኝ በቆጪ፦ መጋቢት 11

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 900 የቡና ችግኝ በፕላስቲክ ቱቦ አፍልቼ ለሰኔ ተከላ ለማድረስ እየደከምኩ ነው። ዘሩን የዘራሁት በኅዳር መጀመሪያ ነበር። ሦስተኛ ጥንድ ቅጠል እያወጡ ሳለ፣ ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፍ ቡናማ ሆኖ እየደረቀ፣ ጠርዛቸውም በእሳት እንደተለበለበ ወረቀት እየተጠቀለለ ነው። ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልደነገጥኩ። የአፈሩ ፊት ላይ፣ በተለይ ከቱቦው ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን፣ ነጭ ቅርፊት ወጥቷል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ደረቀ ሊጥ ይፈረፈራል። በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ ጨው ነው፤ ከጨውነቱ ቀጥሎ ደግሞ ይመራል።

ያደረግሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ልጻፍ። አፈሩ ግማሹ ከጫካ ዛፎች ሥር የመጣ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲሶ ያህሉ ከአንድ ዶሮ አርቢ የገዛሁት ኩስ፣ የቀረው አሸዋ። ሻጩ ኩሱ ዓመት የቆየ ነው ብሎኝ ነበር፤ ሳሰጣው ግን ሽታው ዐይን ያስነባ ነበር። ትል እንዳይገባ ብዬ አመድ ነስንሼበታለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ እሰጣለሁ። ውሃው ከጓሮዬ ጉድጓድ የሚቀዳ ነው። በየማለዳው ለእያንዳንዱ ቱቦ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል አጠጣለሁ፤ ውሃ ማብዛት ሥር ያበሰብሳል ስለተባልኩ ከዚያ አላሳልፍም። በረዶና ድንገተኛ ዝናብ እንዳይመታቸው ከላይ የላስቲክ ጣራ፣ ከጣራው በላይ ደግሞ የሳር ጥላ ሠርቼላቸዋለሁ።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው፦ ቦታ ጠቦኝ 30 የሚሆኑ ቱቦዎች ከጣራው ውጭ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቀርተው ነበር። አፈሩ ያው፣ ኩሱ ያው፣ ዩሪያው ያው፣ የጉድጓዱ ውሃም ያው ነው። እነርሱ ግን አረንጓዴ ናቸው።

አባቴ ነገሩን አይቶ አልተቀበለኝም። «ጅማ ጨው በአሞሌ ተጭኖ ከሩቅ አገር የሚመጣባት ከተማ ነበረች እንጂ ከመሬቷ ጨው ሲወጣ አልሰማሁም» አለኝ። አንድ ጎረቤቴ አመድ ጨምርበት ይለኛል፣ ሌላው የኖራ ዱቄት አድርግበት ይለኛል። አንዱንም አልነካሁም። ጨው ከየት መጣ? አፈሩን ልጣለው? እስከ ሰኔ የሚድኑበት መንገድ ይኖር ይሆን? ያለኝን ገንዘብ በሙሉ እዚህ ላይ አውያለሁ።


እናት በግንጆ፦ መጋቢት 11

ልጄ፣ አይዞህ። በመጀመሪያ ሻጋታ አለመሆኑን አረጋግጥ፤ የእኔ አበባ ማሰሮዎች ላይ ሁለቱም ወጥተውብኝ ያውቃሉ። ሻጋታ እንደ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ እፍ ስትልበት ይርገበገባል። ጨው ሻካራ ነው፤ በሁለት ጣት ስታሸው ይንኮሻኮሻል፤ ጠብታ ውሃ ስታደርግበት ይጠፋና ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ከነገርከን የአንተው ጨው ይመስላል።

የእኔ ደግሞ ይባስ ብሎ ከሸክላ ማሰሮው ውጭ፣ አፈር ባልነካው ጎኑ ላይ፣ ነጭ ካርታ እየሳለ ይወጣ ነበር። በረንዳው እንዳይረጥብብኝ ከእያንዳንዱ ማሰሮ ሥር ሳህን አስቀምጬ፣ የወረደውን ውሃ ሳህኑ ላይ እተወው ነበር። ልጄ ለምሳ ቤት ሳህኖቹን ስትፈልግ አነሳኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳዬ አገገመች። ለምን እንደዳነች እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቅ ካለ እኔም ብሰማ ደስ ይለኛል።


የድሮ የአፈር ሠራተኛ፦ መጋቢት 12

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ከእንግዲህ አትቅመስ። ጥሬ የዶሮ ኩስ ያለበት አፈር ሆድ የሚያተራምስ በሽታ ይይዛል። ጨውነቱን የምታውቅበት ሌላ መንገድ አሳይሃለሁ።

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተወለድኩት ጅማ ነው፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ግን መካከለኛው አዋሽ፣ በአንድ ሰፊ የጥጥ እርሻ ላይ የአፈር ናሙና እየለቀምኩ ነው። መልሱ አንተው ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ ከአቮካዶው ሥር ያሉት 30 ቱቦዎች ናቸው።

ጨው እግር የለውም። ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ውሃው ወደ ታች ከወረደ አብሮ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ከሰረገ አብሮ ይሰርጋል፣ ወደ ላይ ከተሳበም አብሮ ይወጣል። ውሃው ፀሐይ መትቶት ሲተን ግን ጨው አብሮ መትነን አይችልም፤ ውሃው በተለየው ቦታ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ነገር ባየህ ቁጥር ውሃ መጥቶ ያለቀበትን ቦታ ነው የምታየው። የእትዬ ሸክላ ማሰሮ ከውጭ ነጭ የሆነው ሸክላው ውሃ ስለሚያሳልፍና ውሃው የሚተነው ከጎኑ ስለሆነ ነው። ሳህኑ ላይ የወረደው ውሃ ደግሞ ከአፈሩ ያጠበውን ጨው ይዞ የወረደ ነው፤ እዚያው ሲቀመጥ አፈሩ መልሶ ይስበዋል። ሳህኑ ሲነሳ ጨው መውጫ በር አገኘ።

ውሃ እንዴት ወደ ላይ ይሳባል የሚል ካለ የኩራዝ ክር ያስታውስ። ጋዙ ከታች ነው፣ እሳቱ ከላይ፤ ክሩ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ጋዙ ራሱ እየወጣ ይነድዳል። አፈርም እንደዚያው ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ውሃ ወደ ደረቀው ወገን ይሳባል። ፀሐይ የላይኛውን ፊት ባደረቀች መጠን የታችኛው እርጥበት ይከተላል።

አዋሽ ላይ ይህን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በወሩ መጨረሻ ጎህ ሳይቀድ ወደ እርሻው እንወጣ ነበር። የጥጡ መስመሮች በቦይና በመደብ የተዘረጉ ናቸው፤ ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ከቦዩ ወደ መደቡ አናት ይሰርጋል። ጎህ ሲቀድ የመደቡ አናት ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደተቦካ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ጫማችን ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ቦዩ ውስጥ ግን አንዳች ነጭ ነገር የለም። በአናቱ ላይ የበቀለው ጥጥ ጣት አክሎ ይደርቃል፤ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በመደቡ ጎን የበቀለው ደግሞ ጉልበት ይደርሳል። ጥጥ ከጠንካሮቹ ተክሎች አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ አናቱ ላይ አልቻለውም። ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ እስከ አሥር፣ ቀጥሎ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ለየብቻ ናሙና ስንወስድ በአንዲት ክንድ ርዝመት ውስጥ ሦስት የተለያዩ አገሮች የተገናኙ ይመስል ነበር።

ታዲያ የአዋሽ ውሃ ጨው ውሃ ነውን? አይደለም፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም የሟሟ ጨው ያለው ውሃ ለመጠጥ ደህና ነው። በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት አንድ ሜትር ከፍታ ያህል ውሃ ብታጠጣ 10,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በዚያ ውስጥ 5,000 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኩንታል ጨው አለ። ውሃው በትነትና በተክሉ በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ 50ው ኩንታል ሄክታሩ ላይ ይራገፋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 50። እዚያ የሚዘንበው በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሲሆን ፀሐይዋ ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ማትነን ትችላለች፤ ዝናቡ ጨዉን ገፍቶ ለማውረድ አቅም የለውም። በዚያ ላይ የማንጣፈፊያ ቦይ ሳይቆፈር ዓመት ከዓመት ሲጠጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ ይመጣል። ከላዩ ፊት ሁለት ሜትር ገደማ ሲደርስ የኩራዙ ክር ጋዝ አገኘ ማለት ነው፤ ባታጠጣም እንኳ ከታች እየሳበ ያወጣል። እኔ የማውቃቸው ማሳዎች ያለቁት እንዲህ ነው። የማንጣፈፊያው ገንዘብ ለከርሞ፣ ለከርሞ እየተባለ ሲተላለፍ አይቼ ያዘንኩት ሐዘን ዛሬም አልለቀቀኝም።

አሁን ወደ ጅማ እንምጣ። አባትህ ትክክል ናቸው። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። የሚሟሟው ነገር ሁሉ ከዘመን ዘመን ታጥቦ ወርዷል፤ ከአፈሩ ወደ ምንጭ፣ ከምንጩ ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ። ቱርካና መውጫ የለውም፤ ውሃው ከሐይቁ ፊት ይተንናል፣ ጨዉ ይቀራል፤ ስለዚህ ሐይቁ ጨዋማ ነው። የጅማ ጨው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እዚያ ድረስ ይውረድ። ቀዩ አፈራችን ኮምጣጣ የሆነውም ዝናቡ ጨዉን ብቻ ሳይሆን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙንም አብሮ ስላወረደው ነው። ኖራ አድርግበት የሚሉህ ጎረቤትህ ይህን ሰምተው ነው፤ ለተራበ የእርሻ መሬት ልክ ናቸው፣ ለአንተ ቱቦ ግን አይደለም።

አንተ ያደረግኸው ምንድን ነው? ዝናቡን በላስቲክ ከለከልከው፤ ከሥር ውሃ እንዳይወርድ እየቆጠብክ አጠጣህ፤ ሙቀት ያለበት ጣራ ሥር አስተነንከው። አንድ ጓሮ ውስጥ አዋሽን ሠራህ ልጄ። በቀን ግማሽ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ በአራት ወር 6 ሊትር ነው። የጉድጓድህ ውሃ በሊትር 0.4 ግራም ጨው ቢይዝ 2.4 ግራም ይሆናል። ከዚህ ከፊሉ እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ኖራ ሆኖ ይረጋል፣ እርሱ ያን ያህል አይጎዳም። በቀረው ላይ ግን የዶሮውን ኩስ ጨምርበት፤ የዶሮ ኩስ ከላም ፍግ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። አመዱን ጨምርበት፤ አመድ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ የፖታሲየም ጨው አለ፤ አያቶቻችን ሳሙና ሲያጡ በአመድ ውሃ ያጥቡ የነበረው ለዚሁ ነው። ዩሪያውም አፈር ውስጥ ተለውጦ ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሬት ከውሃ ጋር ፈጥነው ከሚጓዙት ጨዎች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ኪሎ ገደማ አፈር ውስጥ ነው። ከአቮካዶው ሥር ያሉትም ይህን ሁሉ ተቀብለዋል፤ ነገር ግን በጥር መጨረሻ የጣለው ዝናብ አጥቦ አውጥቶላቸዋል።

ቅጠሉ ለምን ይቃጠላል? ቲማቲም ከትፈህ ጨው ስትነሰንስበት ሳህኑ ውሃ ይሞላል አይደል? ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይይዛል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሥሩ ውሃውን ከጨዉ መቀማት ያቅተዋል፤ ተክሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል። ሥሩ ውስጥ የገባው ጨው ደግሞ ከውሃው ጋር እስከ ቅጠሉ ጫፍ ይሄድና ውሃው በሚተንበት በዚያ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። መደቡ ላይ ያየሁት ነገር በቅጠልህ ላይ ተደግሟል።

እንግዲህ ፈተናው። ከታመመው ቱቦ አንድ የሾርባ ማንኪያ አፈር፣ ከአቮካዶው ሥር ካለው ሌላ አንድ ማንኪያ ውሰድ። ለየብቻ በአምስት ማንኪያ ንጹሕ የዝናብ ውሃ በጥብጥ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይጥለል። ከላይ የጠራውን በሁለት የብረት ማንኪያ ቀስ ብለህ ቅዳና በከሰል ላይ አትንነው። ማንኪያው ላይ የሚቀረውን አወዳድር።

ጨው መሆኑ ከታወቀ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳህ ታቻቸውን እይ። ቀዳዳ የሌለው ካለ በምስማር አራት ቦታ ብሳው፤ መውጫ ከሌለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ነጩን ቅርፊት ከነአፈሩ አንድ ጣት ያህል ፍቀህ ከጓሮው አርቀህ ጣል። ይህን ሳታደርግ ውሃ አታፍስስ፤ ቅርፊቱ ሟሙቶ በአንድ ጊዜ ሥሩ ላይ ይወርዳል። ለዚህም ነው አሁን የሚጀምረው ካፊያ የሚያሰጋኝ። ጨው ላይ ባለበት አፈር ላይ የሚወርድ ቀላል ካፊያ ጨዉን ሥር ድረስ ብቻ አውርዶ ይተወዋል፤ ጣራውን ዛሬ ብድግ አድርገህ አታንሳ። ፍቀህ ከጨረስክ በኋላ ከቤት ጣራ በተሰበሰበ የዝናብ ውሃ እጠብ። ልምዱ እንዲህ ነው፦ ከአፈሩ ጥልቀት ጋር እኩል ከፍታ ያለው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ካለፈ ከሚሟሟው ጨው አብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ቱቦ አንድ ሊትር ገደማ ያዝ። በአንድ ጊዜ አትደፋው፤ በአራት ከፍለህ፣ በየመካከሉ እስኪወርድ ጠብቀህ አፍስሰው፤ ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ ትናንሾቹን ቀዳዳዎች ደርሶ ያጥባል፣ የሚጣደፈው በትልልቆቹ አልፎ ይሄዳል። ቱቦዎቹ እየታጠቡ ሳሉ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቁሙ፤ የወረደው ውሃ ተመልሶ እንዳይሳብ።

ከዚያ በኋላ ሲጠጡ በየጊዜው ከሥር ትንሽ ጠብ እስኪል ድረስ ይጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ከመስጠት በሁለት በሦስት ቀን አንዴ አጥግቦ መስጠት ይሻላል። አመድ የለም፣ ኖራ የለም። ዩሪያውን አዲስ ቅጠል እስክታይ ድረስ ተወው።


የአፈር ተማሪ፦ መጋቢት 12

ጋሼ የጻፉትን ለክፍል ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በአንድ ነገር ላይ ደግሞ ትንሽ ልለይ።

የምጨምረው መጠኑን ነው። በቤተ ሙከራ የአፈርን ጨዋማነት የምንለካው ከረጠበው አፈር የወጣው ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት አቅም ነው፤ ጨው በበዛ ቁጥር ውሃው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር (የዚህ አቅም መለኪያ ነው) በላይ ሲሆን አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ግን ይህ ወሰን ለሁሉም ተክል አይደለም፤ ቦሎቄ ከ1 ጀምሮ ምርቱ ይቀንሳል፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ቃሪያ ከ1.5፤ ጥጥና ገብስ ግን ወደ 8 እስኪጠጋ ይታገሣሉ። ቡና ከስሶቹ ወገን ነው፤ ችግኝ ሲሆን ደግሞ የባሰ። ስለዚህ ነጭ ቅርፊት ከመታየቱ ቀደም ብሎ ችግኙ መጎዳት ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የምለይበት ነጥብ ይህ ነው፦ ጉዳቱን ሁሉ ለጨው አንስጥ። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ፣ አመድና ዩሪያ በአንድ ላይ ሲሆኑ አሞኒያ ጋዝ ይወጣል፤ ወንድማችን ዐይን ያስነባል ያለው ሽታ እርሱ ነው። ከላስቲክ ሥር ሲታፈን ቅጠል ያቃጥላል፣ ሥርም ይገድላል። በማለዳ ወደ ጣራው ሥር ስትገባ አሁንም የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ከማጠብ ጎን ለጎን የጣራውን ጎኖች ከፍተህ አየር አስገባ። ሌላም አለ፤ አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ብረት ለተክሉ አይደርስም። አዲሶቹ ቅጠሎች ደም ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ይህን ማጠብ ብቻውን ቶሎ አይመልሰውም።


የድሮ የአፈር ሠራተኛ፦ መጋቢት 13

ተማሪው ልክ ነው። የአሞኒያውን ነገር ዘልዬዋለሁ፤ አዋሽ ላይ ማሳው ሜዳ ስለነበር እንዲህ ያለ ጭስ አላጋጠመኝም። ልጄ፣ ጎኖቹን ክፈት። ኩሱ ላይም ለከርሞ እጅህን ሰብሰብ አድርግ፤ የበሰለ የላም ፍግ ወይም የቡና ገለባ ኮምፖስት ይበቃል።


ችግኝ በቆጪ፦ ሚያዝያ 8

ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሥራው ስለበዛ ነው። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን 900 ቱቦ በእጅ አገላብጠን ለማየት ስድስት ቀን ፈጀብን።

የማንኪያውን ፈተና አደረግሁት። ከአቮካዶው ሥር የመጣው ማንኪያ ላይ ከሩቅ የማይታይ ስስ ጉም ያህል ቀረ። ከጣራው ሥር የመጣው ማንኪያ ሲደርቅ ጠርዙ ዙሪያ ነጭ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ቢጫማ እድፍ ይዞ ቀረ። አባቴ ማንኪያውን ለረጅም ጊዜ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው፤ ምንም ሳይናገር መልሶ ሰጠኝ፤ በማግስቱ ግን ምስማሩን ይዞ አብሮን ቁጭ አለ።

ቱቦዎቹን ስገለብጣቸው ከሦስቱ አንዱ ቀዳዳ የለውም። የገዛሁበት ጥቅል መሐሉ ላይ ሳይበሳ ያለፈ ነበር። በእነዚያ ውስጥ ከታች ያለው አፈር ጥቁርና የሚሸት ሆኗል፤ ከሞቱት አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። ከበሳናቸው በኋላ መጀመሪያ የወረደው ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው፤ በአራተኛው ዙር ነጣ። የመጀመሪያውንና የአራተኛውን በሁለት ማንኪያ አተነንኩ፤ ልዩነቱን ለማየት መነጽር አያስፈልግም ነበር።

አሁን 650 ያህሉ በሕይወት አሉ። የተቃጠሉት ቅጠሎች አልተመለሱም፤ ነገር ግን ከመሐል የሚወጡት አዲሶቹ ጠርዛቸው ሙሉ ነው። በመቶ የሚቆጠሩት ላይ ወንድሜ ያለው ቢጫነት አለ፤ እየጠበቅኋቸው ነው። ጎኖቹን ከከፈትኩ ወዲህ ሽታው ጠፍቷል። ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ ጣራውን አንስቻለሁ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሂሳቡን ሲሠሩ የጉድጓዴ ውሃ 0.4 ግራም ቢይዝ ብለው ነበር። እኔም አንድ ሊትር በድስት አፍልቼ እስኪደርቅ አተነንኩት፤ ሌላ አንድ ሊትር የጣራ ውሃም እንዲሁ። የጣራው ውሃ ምንም አልተወም። የጉድጓዱ ግን የድስቱን ታች ሙሉ በሙሉ ነጭ አለበሰው፤ በማንኪያ ስፍቀው ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ተሰበሰበ። ይህን ያህል ጨው በዚህ ዝናብ አገር ጉድጓድ ውስጥ ከየት ይገባል?


የድሮ የአፈር ሠራተኛ፦ ሚያዝያ 8

ልጄ፣ መጸዳጃ ጉድጓዱ ከውሃው ጉድጓድ ስንት እርምጃ ይርቃል? ከፍ ያለውስ የቱ ነው?


ችግኝ በቆጪ፦ ሚያዝያ 8

አሥራ ሁለት እርምጃ። መጸዳጃው ከላይ በኩል ነው።


የድሮ የአፈር ሠራተኛ፦ ሚያዝያ 9

እንግዲያው በጥንቃቄ ስማኝ። ከፊሉ ከድንጋዩ የሟሟ ኖራ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ማንቆርቆሪያ ከማቆሸሽ በቀር ክፉ አይደለም። የሽንት ጨውና ናይትሬት ግን አፈር አይዘውም። የሸክላ አፈር ቅንጣት እንደነርሱ ያለውን ገፍቶ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከውሃው ጋር እኩል ይጓዛሉ፤ ቁልቁለቱን ተከትለው ወደ ጉድጓድህ ይገባሉ። የጅማ ዝናብ ጨዉን ከላይኛው አፈር ያወርዳል ስልህ ወደ ታች የወረደው የት እንደሚደርስ አልነገርኩህም፤ ከመንገዱ ላይ ጉድጓድ ካገኘ እዚያ ያርፋል።

ቤት ውስጥ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካለ በዚያ ውሃ ወተት አይበጥበጥለት። ናይትሬት የበዛበት ውሃ የሕፃኑ ደም አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። ማፍላት አይጠቅምም፤ ጀርሙን ይገድላል፣ ናይትሬቱን ግን ውሃው ሲቀንስ ያበዛዋል፤ በድስትህ ያየኸው ነው። ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተህ አስመርምር፤ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ናይትሬት በላይ ከሆነ ለመጠጥ አይሆንም። ለቡናህ ግን እስኪመረመርም ድረስ ዝናቡ ይበቃሃል።


ችግኝ በቆጪ፦ ሚያዝያ 9

የእህቴ ልጅ አራት ወሯ ነው፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ ናት። ማታውኑ ከአክስቴ ቤት ሁለት ጀሪካን የቧንቧ ውሃ አስመጥተናል፤ የጉድጓዱን መክደኛ ቆልፈን ቁልፉን እናቴ ይዛዋለች። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ አለቅልቄ ሞልቼዋለሁ፤ ሰኞ ማለዳ ይዤው እሄዳለሁ።